ከጎማ ምንጣፉ ሥር

ሬያል ሰንሰለቱን እየፈታ ያቺን ቃል ባይተነፍስ ኖሮ መኪናዋ ይኼኔ ቀልጣ የማንም መጥበሻ ሆና ነበር። ግን የሬያል አፍ መቼ ያርፋል!

«በሉ እንግዲህ ማዳም ሮላንድ፣» አለ ክሬኑን እያስጠጋ፤ «የሰካራሙን መኪና ላንሳልዎትና ግቢዎ ይተንፍስ።»

ክፋት ኖሮት አልነበረም። ከወንዙ ወዲህ ያለ ሰው ሁሉ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲጠራት ኖሯል፤ ቁራሌው ሬያል ከየት አምጥቶ ሌላ ስም ያውጣላት? ሮላንድ ግን የያዘችውን የልብስ ቅርጫት መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምን አልክ?»

«ኧረ ማዳም፣ ሰው እንደሚለው ነው እንጂ እኔማ...»

«ሰው እንደሚለው! በል ሰንሰለትህን ጠቅልል።»

«ልጅዎ ዢኔት ናት እኮ ደውላ የጠራችኝ።»

«እሷ ከጠራችህ እሷን ጭነህ ሂድ። ይቺ መኪና ከዚህ ግቢ የምትወጣው በራሷ እግር ነው። ቦሎዋን ለጥፋ፣ እኔው ነድቻት፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ታልፋለች!»

ሬያል መኪናዋን ዞር ብሎ አየ። አርባ ዘጠኝ ሞዴል የጭነት መኪና ናት፤ ፓራፋንጎዋ ወንፊት ሆኗል፣ የጋቢናዋ ጎን እጅ ያስገባል፣ በአንዱ በር ሥር ሣር በቅሏል። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሄደ። ለመንደሩ ሳያወራ እንዳላደረ ግን እኔ እምላለሁ።

ሮላንድ፣ በአባቷ ስም ሲሯ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ወንድሟ ኦኔዚም ወናፉ ሥር ተጋድሞ ሲያንኮራፋ፣ እሷ የድንች መቆፈሪያ ጥርስ ትበይድ ነበር። አባቷ «ይቺ ልጅ ወንድ ብትሆን ኖሮ» እያለ ሲቆጭ፣ እናቷ «ወንድ ብትሆንማ እንደ ኦኔዚም ትተኛ ነበር» ትለዋለች። ምን ያደርጋል፣ አባትየው ሲሞት ቀጥቃጭ ቤቱን ወርሶ ጋራዥ ያደረገው የተኛው ነው። እሷ ሉስየንን አገባችና ድንች ውስጥ ገባች።

ድንች ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አዝመራ ሲደርስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሕፃን አዋቂ ሳይባል ሁሉም ማሳው ላይ አጎንብሶ ይውላል። ድንቹ ከቅርጫት ወደ በርሜል፣ በርሜሉ ወደ መኪና። ሉስየን በርሜሎቹን በሰንሰለት እያንጠለጠለ የራሱንም የጎረቤቱንም ይጭናል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደክሞኛል ሲል የሰማው የለም። አዝመራ አልቆ በረዶው ሲገባ ደግሞ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው መኪና ይበላል። ስለዚህ የሸለቆው ሰው ከአዝመራው በኋላ መኪናውን ከሥር የተቃጠለ ዘይት ይቀባና አቧራማው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጋልባል። አቧራው ዘይቱ ላይ ይጣበቅና ቅርፊት ይሆናል፤ ጨው አያልፈውም። ጥሩ መላ ነው። ክፋቱ፣ ያ ቅርፊት ዓይንንም አያሳልፍም።

ሽፋኑ የማይበቃበት ቦታ ሲቀደድ ደግሞ ሉስየን ያገኘውን ይለጥፍበታል፤ የአሮጌ ምድጃ ቆርቆሮ፣ የወደቀ የመንገድ ምልክት፣ በላዩ ሬንጅ። ሮላንድ «ቆርጬ ልበይድልህ» ስትለው ይቆጣል።

«ደህናውን ብረት ልትቆርጪ? ይሸፈናል አልኩሽ!»

«የበሰበሰ ነገር ተሸፍኖ አይድንም ሉስየን።»

«አንቺ እንደ አባትሽ ነሽ። እሱም ቢፈቅዱለት አልጋውን ይቆርጥ ነበር።»

ሉስየን በጉብዝናው ይጠጣ እንደነበር መደበቅ የለብኝም። ጠጥቶ ከማሳ ማሳ ሲንከራተት የነጋበት ቀን ብዙ ነው። ዢኔት ስትወለድ ግን ቄሱ ፊት ቆሞ ማለ፤ መጠጥ እርም ላሉ ሰዎች የሚሰጠውን ጥቁር የእንጨት መስቀል ተቀበለና ከኩሽናው በር በላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ በልጁ ሠርግ እንኳ የጠጣው ውሃ ነው። አምሮቱ ሲመጣበት ናና ከረሜላ ይመጥጣል፤ ኪሱ ሁልጊዜ ናና ናና ይላል።

እንግዲህ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በአዝመራው ማብቂያ ቀን፣ ብርዱ ጠንቶ ነበርና ሉስየን የጋቢናውን መስኮት ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ የጎረቤት በርሜል ጭኖ ሲያዘግም መኪናዋ ቀስ ብላ ከመንገድ ወጣችና ቦይ ውስጥ ተኛች። በርሜሉ ተንከባለለ፣ ድንቹ አስፋልቱን ሞላው። ጋራዡ እዚያው አጠገብ ነውና ቀድሞ የደረሰው ኦኔዚም ነው። በሩን ሲከፍተው ሉስየን ፊቱ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ላይ አስመልሶ፣ ምላሱ ተሳስሮ ወደቀበት። እግሩ አልቆም አለ። ሰው ተሰበሰበ።

«ወይ ሉስየን!» አለ ኦኔዚም፤ «በዚህ ዕድሜህ መሐላህን አፈረስካት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ድንቹ ከመንገዱ ሳይለቀም ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ።

ቤት ሲያስገቡላት ሮላንድ ቦት ጫማውን አወለቀችለት፤ ብርድ ልብሱን ላልብሰው ብላ ጎንበስ ስትል አፉን አሸተተችው። ናና ብቻ ነው የሸተታት። ግን ናና የስንት ሰካራም መደበቂያ ነው! ቀና ስትል ዓይኑ ተከፍቶ ያያታል። ስታሸተው አይቷል።

«ሉስየን፣ ማልልኝ፣» አለችው።

«አንዴ ምያለሁ እኮ፣» አላት።

በማግስቱ መስቀሉን ራሱ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። «ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ምን አደረገ» ነው ያለው። የሆነውን ሲጠይቁት «ራሴን ጨመደደኝ፣ ከዚያ አላውቅም» ከማለት በቀር ቃል አልጨመረም። ወደ አዝመራው ማሳረጊያ እራት አልሄደም፤ ከሰውም አልተቀላቀለም። በየካቲት ልቡ ቆመ። ሮላንድም አምኜሃለሁ ሳትለው ቀበረችው፤ እንዴት ትበል፣ አላመነችውም። አልካደችውምም። እህል ስታላምጥም፣ ልብስ ስታጥብም፣ ዓይኑ ተከፍቶ ያያታል። ሬያል ያቺን ቃል ሲተነፍስ የነካባት ይሄንኑ ቁስል ነው።

ሥራውን የጀመረችው መሬቱ ከበረዶ እንደተላቀቀ ነው። መኪናዋን በክሪክ አነሳቻትና የብየዳውን ችቦ አንድዳ ፓራፋንጎው ላይ ስታስጠጋ፣ የስንት ዓመት ዘይት ቦግ አለ! እርጥብ ኬሻ ባይኖር ኖሮ ጎተራውም አብሮ በሄደ። ዢኔት በእሑድ ልማዷ ድስት ይዛ ስትመጣ እናቷን አየቻትና ቆማ ቀረች።

«እማ፣ ቅንድብሽ የታለ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ ያምሻል እንዴ? ለዚህች ቆርቆሮ ብለሽ...»

«ቆርቆሮ ብሎ ሊጭናት የመጣው ሬያል ነው፣ አንቺ እንኳ አትበያት። ድስቱን አስቀምጪና ውሃ አፍይልኝ። ዘይት የጠጣ ብረት ሳይታጠብ አይበየድም፤ ረስቼው ነው።»

ከዚያ በኋላ እጇ ትዝ አለው። ቅርፊቱን ፋቀች፣ በፈላ ውሃና በሳሙና አጠበች፣ በትንሽ መዶሻ እየቆረቆረች አዳመጠች። ደህና ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለውን ሁሉ እስከሚጮኸው ድረስ ቆረጠችው፤ ሉስየን ቢያይ ጮቤ አይረግጥም ነበር። የቀዳዳውን ልክ በብስኩት ካርቶን እያወጣች፣ ከተሰባበረ መኪና ኮፈን ላይ ላሜራ ቀድዳ በመዶሻ አጎበጠች። ስትበይድ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ ነው፤ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች። ቸኩሎ የበየደ ሰው ላሜራው ይጨማደድበታል። ወገቧ እንቢ ሲል በጀርባዋ ተኝታ ትሠራለች፤ ወደ ቤት ስትገባ ፕሎይ የሚሉትን ስስ ቂጣዋን በሞላሰስ ትበላና ጠዋት ተመልሳ እዚያው ናት። መንገደኛው መኪናውን አቁሞ ያያታል፤ አንዳንዱም ይስቃል። «ሳቅ በነጻ ነው» ትላለች።

ፓራፋንጎው አለቀ፤ የጋቢናው ጎን አለቀ፤ ሞተሩም ተጠራርጎ በአዲስ ባትሪ ተነሳ። የቀረው ወለሉ ነበር።

የጎማ ምንጣፉን ገሸሽ ስታደርገው ከሥሩ ሬንጅ ነው፤ ሬንጁ በሙቀት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከሬንጁ ሥር የሉስየን የምድጃ ቆርቆሮ አለ። መሮ አስገብታ ስትፈነቅለው ቆርቆሮው ተነሳ፤ ገለበጠችው። ጥቁር ነው። ዝገት አይደለም፤ ዝገት ቀይ ነው። በጣቷ ብትነካው ለሰለሰ፤ ጥቀርሻ ነው፣ የጭስ ጥቀርሻ። ከሥሩ የልጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከነመጋጠሚያው ይታያል፤ መጋጠሚያው ተሰንጥቋል። ጥቀርሻው ከቀዳዳው ተነስቶ በሬንጁ ስንጥቅ በኩል፣ በምንጣፉ ሥር፣ እስከ ሾፌሩ ወንበር ድረስ መንገድ ሠርቷል።

ተሸፋፍነው ቢተኙ ገልጦ የሚያይ አለ ይባል የለ! ሮላንድ መሮውን እንደያዘች የመኪናዋ መወጣጫ ላይ ቁጭ አለች። «ሉስየን...» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄ ይበቃው ነበር። እሷ ግን ያሸተተች ሴት ናት፤ ግማሽ እምነት አንዴ ይዛ ምን እንዳደረጋት ታውቃለች። ተነሳችና ቆርቆሮውን እንደነበረ መለሰችው፤ ምንጣፉንም አለበሰችው። ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣች፣ ሁለቱንም መስኮት ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፣ ሞተሩን አስነሳች። መቁጠሪያዋን አውጥታ መጸለይ ጀመረች። እናንተ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታደርጉ! እብደት ነው፤ ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ሁለተኛ ቀብር ነበር። እሷ ግን ቁርጧን ማወቅ ፈልጋለች።

መጀመሪያ ምንም የለም፤ ትንሽ የጭስ ሽታ ብቻ። ቀጥሎ ግንባሯን እንደ ሻሽ የሚያስር ነገር መጣ። ቀጥሎ ጸሎቱ ጠፋት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትደግመው ጸሎት የቱ ጋ እንደደረሰ አላውቅ አለች። እጇን ወደ በሩ እጀታ ብትልከው እጀታው አልገኝ አለ። እንደምንም ሲከፈት ሣሩ ላይ በአራት እግሯ ወደቀችና የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። ፊቷ ቀልቷል። ልትነሳ ስትል እግሯ ከዳት።

ዢኔት ድስቷን ይዛ ወደ ግቢው የገባችው ልክ ያኔ ነው። ድስቱን ጥላ ሮጠች።

«እማ! እማ ምን ሆነሻል? ጠጥተሻል እንዴ?»

ሮላንድ ቀና አለች። አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ያልሽውን ድገሚው!»

«ጠጥተሻል ወይ ነው ያልኩት...»

«አልጠጣሁም፣» አለች ሮላንድ። «አባትሽም አልጠጣም።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ቆርቆሮውን አሳየቻት፣ ቀዳዳውን አሳየቻት። ዢኔት በሰንበት ልብሷ ሣሩ ላይ ዘጭ አለች።

«እኔ እኮ፣» አለች፣ «ሳጥኑ ሲዘጋ ጆሮው ላይ ‹ይቅር ብዬሃለሁ አባ› አልኩት። ለምኑ ነው ይቅር ያልኩት እማ?»

ሮላንድ እጇን ይዛ አስነሳቻት። ወደ ኩሽናው ገብተው መስቀሉን ከመሳቢያው አወጡት። ምስማሩ ከበሩ በላይ እዚያው ነበር። ሮላንድ ወንበር ላይ ቆማ ሰቀለችው፣ አቧራውንም በቀሚሷ ጠረገችው።

«አሁኑኑ እንሂድና ለኦኔዚም እንንገረው፣» አለች ዢኔት።

«በወሬ የመጣ በወሬ አይሄድም። መኪናዋ ትለቅ።»

ሮላንድ ቀዳዳውን ከነዙሪያው፣ ከነጥቀርሻው፣ አንድ ቁራጭ አድርጋ ቆርጣ አወጣችውና በንጹሕ ኬሻ ጠቀለለችው። አዲስ ወለል በየደች፤ የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ ቀየረች፤ ቀይ ፀረ ዝገት፣ ከላዩም አረንጓዴ ቀለም ቀባቻት። ሬንጅ አላስጠጋችም።

አዝመራው ሊጀመር ሲል መኪናዋ ከግቢው ወጣች። በራሷ እግር፣ እንደተባለው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ሮላንድ ማርሽ ቀንሳ ቀስ አለች፤ ማየት የሚፈልግ ይይ ብላ። ከዚያ ወንድሟ ጋራዥ ገባች።

የኦኔዚምን ጋራዥ የማያውቅ የለም። ከበሩ አጠገብ ከአሮጌ መኪና የተነቀሉ ወንበሮች አሉ፤ ወሬ ያለው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ቦሎ ልታስለጥፉ ስትሄዱ ኦኔዚም ከወንበሩ አይነሳም። «እናትህ ደህና ናት? መኪናህስ፣ መብራቷ ይበራል?» ይልና ቦሎውን ያነሳል። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነው፤ በዚያ ሸለቆ ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? የዚያን ቀንም ከወንበርተኞቹ መሀል ሬያል ነበረበት፤ መኪናዋን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እህት ዓለም!» አለ ኦኔዚም፤ «ወይ ጉድ! ሙሽራ አስመስለሻት የለም እንዴ? በይ ቦሎሽን ልለጥፍልሽ።»

«ከሥር ግባ።»

«ምን?»

«ከሥር ገብተህ እይ። ምንጣፉንም አንሳ።»

«ሮላንድዬ፣ ጉልበቴን እኮ ታውቂዋለሽ...»

«አውቀዋለሁ። ወናፍ ሥር ተኝቶ ያደገ ጉልበት ነው።»

ወንበርተኞቹ ሳቁ። ኦኔዚም ፋኖስና መዶሻ ይዞ እያቃሰተ ከሥር ገባ። ቆረቆረ፤ ጮኸ። ወዲያ ቆረቆረ፤ ጮኸ። ጋቢናው ውስጥ ወጥቶ ምንጣፉን አነሳ፣ ብየዳውን በጣቱ ሄደበት። ሲወርድ ፊቱ በርቷል።

«እንከን የላትም። አባባ ቢያይ ኖሮ ጋራዡን ካንቺ ሌላ አይሰጥም ነበር።»

ሮላንድ ኬሻውን ከወንበሩ ላይ አንስታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«ይሄ ደግሞ ከእሷ የወጣው ነው። ከሉስየን እግር ሥር። የዚያን ዓመት ቦሎ ስትለጥፍላት እዚያው ነበረ።»

ኦኔዚም ቁራጩን ገለበጠው። የሙያው ሰው ነው፣ ማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ጣቱን ጥቀርሻው ላይ አሸት አደረገና ጣቱን አየው። ብዙ ጊዜ አየው።

«መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፣» አለ ቀስ ብሎ። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጭሱ አፍንጫዬን መታኝ። የሞተሩ ነው ብዬ... ሮላንድ፣ ጭሱ እኮ ሸትቶኝ ነበር!»

«እኔም አፉን አሽትቼዋለሁ፣» አለች። «ስታሸተው አይቶኛል። አንተ ብቻ አይደለህም።»

ኦኔዚም የሚይዘው ነገር እንዳጣ ሰው ጠረጴዛውን ጨበጠ። ሮላንድ አላባበለችውም፤ አልተቆጣችውምም። ቦሎዋን ራሷ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠችው፣ እሱም መስተዋቱ ላይ ለጠፈው። ሬያል ሳይጠየቅ ተነስቶ የጋራዡን በር ከፈተላት። ያን ቀን ከሰዓት የጎረቤቷን ባዶ በርሜል ለአዝመራው ስትጭን አመሸች።

በሳምንቱ ቦሎ ሊያስለጥፍ የሄደ ሁሉ ኦኔዚምን በጀርባው ተኝቶ ከመኪና ሥር ነው ያገኘው። ከበሩ አጠገብ፣ በሰው ዓይን ልክ፣ ያ ቀዳዳ ቁራጭ በምስማር ተመትቷል። የገባው ሁሉ «ይሄ ቆሻሻ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኦኔዚም ከመኪናው ሥር ሳይወጣ ይመልሳል፤ መልሱ ለማንም አንድ ነው።

«የሉስየን ወለል ነው። ጠብታ አልቀመሰም። አሁን ምንጣፍህን አንሳ።»